ይቀየር ወይስ ይከፈት?

የአዲስ አበባ መካኒክ ከአማርኛ ግሦች ሁሉ አብልጦ የሚወደው የትኛውን ነው ቢባል መልሱ አያከራክርም። «ይቀየር» ነው። ካንዴላው ይቀየር። ቦቢናው ይቀየር። የነዳጅ ፓምፑ ይቀየር። ሴንሰሩማ… እሱ ገና ሳይጠየቅ ይቀየር! እኛም ለምደነዋል። ኮፈኑ ሲከፈት ኪሳችን አብሮ እንደሚከፈት እያወቅን «እሺ» ብለን ሶማሌ ተራ እንወርዳለን።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መካኒኩ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ያለቀ ካንዴላ በጸሎት አይድንም። የተበላ ፍሬን ሸራ ሸማኔ አይሠራውም። ግን አንድ ዕቃ አለ። ይቀየር ሲባል ቆም ብለን «ለመሆኑ ተከፍቶ ታይቷል ወይ?» ብለን መጠየቅ ያለብን። እሱም የመኪናው ኮምፒውተር ነው።

ጉዳዩን ከሥሩ ልጀምረው። ድሮ መኪና ካርቡሬተር ነበረው። መካኒኩ ካቻቪቴውን ይዞ አንዷን ብሎን ትንሽ ያዞራል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ሚኒሞውን ያስተካክላል፣ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ አዘጋጅቶ በቮልስዋገን 1600 ላይ ገጠመ። በ1979 ደግሞ ያው ኩባንያ ነዳጁንም የካንዴላውን ብልጭታም በአንድ ሣጥን የሚያዝዝ ሥርዓት በቢኤምደብሊው 732 ላይ አወጣ። ከዚያ በኋላ ነገር ተለወጠ። የመካኒኩ ጆሮ ሥራውን ለሣጥኑ አስረከበ።

ይህ ሣጥን አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ቢያህል ነው። በብዙ የድሮ መኪኖች ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ወይም ከእግር ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። ሥራው መስማትና ማዘዝ ነው። ሞተሩ ምን ያህል ሞቋል? ምን ያህል አየር ገባ? ሹፌሩ ቤንዚን መስጫውን ምን ያህል ረገጠው? ክራንኩ የት ደረሰ? ይህን ሁሉ ከሴንሰሮች ይሰማና ኢንጀክተሩን በሺኛ ሰከንድ ለክቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከባትሪው የሚመጣለት 12 ቮልት ነው። ውስጡ ያለው አንጎል ግን የሚጠጣው 5 ቮልት ብቻ፣ ያውም የማይወዛወዝ 5 ቮልት ነው።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። የመኪና ኤሌክትሪክ እንደ ሰፈራችን ውኃ ነው፤ አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይደክማል። ሞተሪኖው ሲዞር ይወርዳል፣ ዲናሞው ሲያመነጭ ይወጣል። ውኃ እየመጣ ለሚሄድበት ሰው መድኃኒቱ ምንድን ነው? ጣራ ላይ ሮቶ መስቀል! ሲመጣ ይሞላል፣ ሲሄድ ከራሱ ይሰጣል። ቧንቧው ግን ሁልጊዜ እኩል ይወርዳል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ሮቶ «ካፓሲተር» ትባላለች፤ የድሮ ሬዲዮ ሠሪዎች «ኮንደንሰር» የሚሏት ናት። የጥፍር ቁመት ያላት ትንሽ ቆርቆሮ ነች። በሆዷ ፈሳሽ ይዛለች። ዕድሜ የሚያጥረውም በዚህ ፈሳሽ ነው።

እናላችሁ፣ እኛ ቤት አንዲት መኪና አለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች የጃፓን ልጅ። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ሱሉልታ ላይ ዶሮ ያረባል፤ መኪናዋ እንቁላሉን ወደ ከተማ ታመላልሳለች። ጡረታው ለቤት ወጪ አይበቃም፤ ቤቱን የሚያቆመው እንቁላሉ፣ እንቁላሉን የሚያቆመው ደግሞ መኪናዋ ናት።

ይህች መኪና መታመም የጀመረችው በጠዋት ነው። መነሳት ታንገራግራለች። ስትነሳ ሚኒሞ ላይ ትጠፋለች። ከሞቀች በኋላ ግን ደህና! ቀን ሙሉ ስትሮጥ ትውልና በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ታምጣለች። ካንዴላ ተቀየረ። የነዳጅ ፓምፕ ተቀየረ። የባትሪ ገመድ ተቀየረ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ጭራሽ እምቢ አለች። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

መካኒኩ ለሦስት ቀን ከመረመረ በኋላ ፍርዱን ሰጠ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል። ይቀየር።»

«ስንት ነው?» አለ አባቴ።

የተጠራው ዋጋ ከአባቴ የአንድ ዓመት ጡረታ ይበልጥ ነበር። ያውም ከሌላ መኪና ለተፈታ ዕቃ! «ከሠራ ይሠራል፣ ካልሠራ ግን አይመለስም» የሚል ማስጠንቀቂያም ታክሎበታል። አባቴ ምንም አላለም። ማታ ራት ላይ ግን «ለዕቃዋ እንሽጣት» አለ። እናቴ ሣቀች፤ የደስታ ሣቅ አልነበረም። ዶሮ መኪና ተበላሸ ብላ መጣል አታቆምም። አምስት ሳምንት ሙሉ እንቁላሉ በኪራይ መኪና ተጓዘ። ትርፉን ኪራዩ በላው። በስድስተኛው ሳምንት ለመኖ የሚከፈል አልነበረም። የመኪናዋ መቆም ዶሮዎቹን ወደ መሸጥ እየገፋን ነበር።

በሰፈራችን ከ40 ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሣጥኑን ፈትቼ ልወስድላቸው እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ሣጥኑን ከማየቴ በፊት መኪናዋን ልያት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሬዲዮ ሰው ነዎት።»

«ሬዲዮም እኮ ባትሪው ካለቀ አይናገርም፣ ልጄ። መጀመሪያ ምግብ እየደረሰው መሆኑን ነው የሚታየው።»

ቴስተራቸውን ይዘው መጡ። ያደረጉትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ለማንኛችንም ይጠቅማልና። መጀመሪያ ፊውዞቹን አዩ። ቀጥለው ለኮምፒውተሩ መብራት የሚሰጠውን ሪሌ አዩ። ቀጥለው ከቦዲው ጋር የሚታሰረውን ማሳ ሽቦ ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ጠርገው መልሰው አሠሩት። ከዚያ ቁልፉን አስከፈቱኝና «ያቺ የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራት በርታለች?» አሉ። አልበራችም። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ሲከፈት የምትበራው፣ ሞተር ሲነሳ የምትጠፋው መብራት ማለታቸው ነው። ጨርሶ ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይ መብራት አልደረሳትም፣ ወይ ደግሞ ኮምፒውተሩ አልነቃም። አምፖሏ ደህና ነበረች።

በመጨረሻ ሣጥኑ ጋ የሚደርሰውን መብራት ለኩ፤ 12 ቮልት አለ። ከሣጥኑ ወደ ሴንሰሮቹ የሚወጣውን ለኩ፤ 5 መሆን የነበረበት 2 እንኳን አይሞላም። «በላ እንጂ አልዋጠም» አሉ ጋሼ። በዚህ ጊዜ ነው ባትሪው ተነቅሎ ሣጥኑ የተፈታው።

ልብ በሉ! ጋሼ እዚህ ለመድረስ 40 ደቂቃ አልፈጀባቸውም። መካኒኩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህች መኪና የተሠራችው ዛሬ በየጋራዡ ያለው ስካነር የሚሰካበት ወጥ ሶኬት በአሜሪካ ለሁሉም መኪና ግዴታ ከሆነበት ከ1996 በፊት ነው። ስካነሩ የሚገባበት ቀዳዳ የላትም። እሱ ያለመሣሪያው ቀረ፤ ጋሼ ግን ከመሣሪያ በፊት የነበረው እውቀት አላቸው።

ሣጥኑ በአራት ብሎን የታሰረ አልሙኒየም ነበር። ክዳኑ ሲነሳ ጋሼ አፍንጫቸውን አስጠጉ። «አሽትት እስቲ። ምን ይላል?»

«ዓሣ» አልኳቸው። የተበላሸ ዓሣ!

«በቃ፣ በሽታው ተገኘ።»

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ በርካታ ካፓሲተሮች ውስጥ የነበረው ፈሳሽ የራሱን የጎማ መክደኛ እየጎዳ ከሥር ይንጠባጠባል። ሽታው የዓሣ ሽታ ነው። በካርዱ ላይ ሲፈስ ደግሞ የመዳቡን መስመር ይበላል። ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የዚያ ዘመን ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስና ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ያላቸው ሰዎች የመኪናቸውን ኮምፒውተር ከፍተው ካፓሲተር ሲቀይሩ ዓመታት አልፈዋል። ሮቶው ቀዳዳ ነው፤ ቤቱን አፍርሱ የሚል ግን የለም።

የመኪናዋ አመል ሁሉ ያኔ ተፈታልኝ። ጠዋት ለምን ታምጣለች? ያረጀ ካፓሲተር ሲቀዘቅዝ ይብሳል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል። ካንዴላው፣ ፓምፑ፣ ገመዱ ሁሉ ያለ ኃጢአታቸው ነው የተቀየሩት።

ጥገናው ይኸው ነው። ካርዱ ላይ አምስት እንዲህ ያሉ ካፓሲተሮች ነበሩ። ሁለቱ አፍስሰዋል፣ ሦስቱ ደህና ይመስላሉ። ጋሼ አምስቱንም አወጧቸው። «እኩዮች ናቸው፤ ዛሬ የተረፈው ነገ ይከተላል» ብለው። የሁለቱ ልኬት ጽሑፍ ስለጠፋ ከጎናቸው ካሉት መስመሮች ጋር እያስተያዩ ሥራቸውን ለዩ። አዲሶቹን ለመግዛት አብረን መርካቶ ወረድን። ለሻጩ ሦስት ነገር ነበር የነገሩት።

አንደኛ፣ ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን። ሁለተኛ፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፣ በምንም ዓይነት አይነስ። ሦስተኛ፣ በጀርባው 85 ሳይሆን 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። ይህ ሦስተኛው ቀልድ አይደለም። አንድ ካፓሲተር በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 2,000 ሰዓት እንዲቆይ ከተሠራ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይሰላል። በ95 ዲግሪ 4,000፣ በ85 ዲግሪ 8,000፣ በ75 ዲግሪ 16,000 ሰዓት ማለት ነው። በአነስተኛ ዋጋ ልዩነት የዓመታት ዕድሜ ይገዛል።

የአምስቱ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያንሳል። ከአንድ ዓመት ጡረታ ወደ አንድ ኪሎ ሥጋ!

ከመበየዱ በፊት ግን ጽዳቱ ነበር። ጋሼ የፈሰሰውን በንጹሕ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ደጋግመው አጠቡት። «ይህን ትተህ አዲስ ብትበይድበት፣ መርዙ ሥር ሥሩን መብላቱን ይቀጥላል» አሉ። ከታጠበ በኋላ አንዱ የመዳብ መስመር ተበልቶ መቆረጡ ታየ። በላዩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ዘርግተው በየዱት። ካፓሲተሮቹን ሲያስገቡ በጎናቸው ያለችውን ነጠላ መስመር እያዩ ነበር፤ መስመሯ ያለችበት እግር ነጌቲቩ ነው። ተገልብጦ ከተበየደ ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በመጨረሻ እርጥበት እንዳይገባው ስስ ቫርኒሽ ቀቡት።

ሣጥኑ ተመለሰ። ባትሪው ታሰረ። ቁልፉ ሲከፈት ቢጫዋ መብራት በራች፤ ሞተሩ ተነሳ፣ እሷም ጠፋች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኮፈኑን በእጁ መታ መታ አደረገና «ለነገ ስንት ትሪ አለን?» አለ ወደ እናቴ ዞሮ። መኪናዋ ይኸው ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዶሮዎቹም አሉ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ጋሼን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ያ ሣጥን አምስት ሳምንት ሙሉ «ሞቷል» ተብሎ የቆየው ለምን እንደሆነ ሳስብ ያገኘሁት መልስ ስለሚከነክነኝ ነው። ከተማችን ውስጥ መኪና የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ካርድ የሚያውቅ ሰውም ሞልቷል። በየመንደሩ አጉሊ መነጽር አድርጎ፣ ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ ከስልክ ካርድ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁራጭ አንስቶ ሌላ የሚተክል ወጣት አለ። ያ ወጣት የ1990ዎቹን የመኪና ካርድ ቢያይ፣ ዕቃው ከስልኩ ጋር ሲተያይ ስለሚገዝፍበት ሳይስቅ አይቀርም። ከጋራዡ እስከ ስልክ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ አንድ መንገድ መሻገር ነው። ግን አይገናኙም! መካኒኩ «ኤሌክትሮኒክስ የኔ ሥራ አይደለም» ይላል፤ ስልክ ጠጋኙ «መኪና አልነካም» ይላል። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤትም አውቶሞቲቭ ሌላ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሌላ ክፍል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የባለመኪናው ገንዘብ ነው።

ወገን፣ ሚዛን እንጠብቅ። ሁሉም ሣጥን ይጠገናል አላልኩም። አንጎሉ ራሱ የተቃጠለ አለ። ውስጡ በሙጫ ወይም በጄል ተሞልቶ የታሸገ አለ፤ አዳዲሶቹ ላይ ይህ ይበዛል። የኤርባግና የፍሬን ኮምፒውተር ደግሞ የሰው ነፍስ የያዘ ስለሆነ መለማመጃ አይደለም። መቀየርም ቢሆን ግን ዋስትና አይሆንም። በቁልፋቸው ውስጥ ኮድ ያላቸው መኪኖች የሌላ መኪና ኮምፒውተር ሲገጠምላቸው ቁልፋቸውን አላውቅም ብለው እምቢ ይላሉ። በማኑዋል ማርሽ ፋንታ የአውቶማቲኩን ገጥሞ የሚቸገርም አለ።

ሣጥኑን ከመግደል መቆጠብስ? ይህ ለሁላችንም ነው። ላሜራ ሲበየድ ባትሪው ይነቀል፤ ከተቻለም ኮምፒውተሩ ይፈታ። ከሌላ መኪና ባትሪ ሲወሰድ ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ሁለቴ ይታይ፤ ለአንድ አፍታ ቢገለበጥ እንኳን ከካፓሲተር የከፋ ነገር ይቃጠላል። ሞተር በግፊት ውኃ ሲታጠብ ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃዎች ይሸፈኑ። ማሳ ሽቦው በየጊዜው ይጠረግ።

ጉዳዩ የአሮጌ መኪና ናፍቆት የሚመስለው ካለ፣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የገባው ገብቷል፤ ያለው መኖር አለበት ማለት ነው። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መኪኖች ጎዳናውን ሞሉት። እነሱ ደግሞ ምንድን ናቸው? ባትሪውን የሚጠብቅ ካርድ፣ ቻርጅ የሚያደርግ ካርድ፣ ሞተሩን የሚያዝዝ ካርድ… ጎማ የገጠመለት ካርድ በሉት! ጫናቸው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ ደግሞ ያለ ትምህርት የሚነኩ አይደሉም። የእነዚህ ዋስትና ሲያልቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ሲሞቱ፣ የምናውቀው ግሥ «ይቀየር» ብቻ ከሆነ፣ ዶላር ከየት እናመጣለን?

እኔ ለሚመለከተው አካል አቤቱታ የለኝም። ጥያቄዬ ትንሽ ናት። መካኒክ ወንድሜ፣ ከጋራዥህ ማዶ ያለውን ስልክ ጠጋኝ አንድ ቀን ቡና ጋብዘው። የሞተ ኮምፒውተር ካለህ ወደ ቁራሌው ከመወርወርህ በፊት አብራችሁ ክፈቱት። ተማሩበት፤ ከሞተ ወዲያ አይሞትም። አንተም ባለመኪና፣ ይቀየር ስትባል አንድ ነገር ጠይቅ፤ 12 ገብቶ 5 ወጥቷል ወይ? መልሱ «አላየሁም» ከሆነ፣ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየውና የሚያይልህን ሰው ፈልግ።

ጋሼ ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀጭን ነገር መበየድ ትተዋል። ሰልጣኝ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ብጠይቃቸው «የሬዲዮ ዘመን አለፈ ብለው ሸሹኝ» አሉኝ። የሬዲዮ ዘመን ማለፉ እውነት ሊሆን ይችላል። የካርድ ዘመን ግን ገና መጀመሩ ነው፤ ያውም በአራት ጎማ እየሄደ።

ቸር ያሰንብተን!